ጉም ውስጥ የተሳለምነው ደብር

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ለብዙ ሰው የሥጋት ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የአባቴ ሽታ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለሁ፣ ከፊታችን ጭነት ይዞ የሚያዘግም መኪና ያንን ሽታ በመስኮት ላከብን። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትሸፍን እኔ እንደ ሕፃን አንገቴን አስግጌ ሳብሁት። ወዲያውም በግራ ጉልበቴ ላይ የአባቴ እጅ ያረፈ መሰለኝ።

መሰለኝ ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የቆዩ ሰነዶችን በማንበብና የሌሎችን ትዝታ በመጠራጠር ነው። አንድ ጸሐፊ አየሁ ብሎ ሲጽፍ፣ መቼ፣ ከየት ሆኖ፣ በምን ያህል ብርሃን ብዬ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። የራሴን ትዝታ ሳልጠይቅ ባሳልፈው ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። ስለዚህ የማምነውን አምኜ፣ የምጠረጥረውን ጠርጥሬ እጽፋለሁ። ስለ ሽታው ግን ጥርጣሬ የለኝም።

በዚያ ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ምናልባትም ዐሥር። ወቅቱ ዘመነ ጽጌ መሆኑ ግን እርግጥ ነው፤ አባቴ ይጾሙ ስለ ነበር በመንገዱ ሁሉ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ብቻ መብላታችንን አስታውሳለሁ። አባቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ደብር ቀዳሽ ነበሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ዓይናቸው መጥበብ ጀመረ። መጥበብ የሚለው ቃል የእሳቸው ነው። መጽሐፉን ያነቡታል፤ መጽሐፉን የያዘላቸውን ዲያቆን ግን አያዩትም። ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰው ከነሽፋሽፍቱ ይታያቸዋል፤ በጎናቸው ያለው መቃን ግን ትከሻቸውን ይመታቸዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመቅደሱ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው አየር ረገጠ። በዚያ ቀን ማታ ለእናቴ፣ "ዓይነ ስውር ዜማ ያስተምራል፤ ቅኔ ያስተምራል። ጽዋ ይዞ ግን አይቀድስም" ሲሏት ሰማሁ። ከዚህ በላይ የተናገሩት ነገር ቢኖር አላስታውስም። አባቴ ከቅዳሴ በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም ነበር፤ ከቅዳሴ በቀር ሌላ ደስታ ይኖራቸው እንደሆነም እንጃ።

አስመራ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ ተባለ። እጃቸውን የሚይዝ ስለሚያስፈልግ እኔ አብሬ እንድሄድ ተወሰነ። ይህን አብሮኝ ዳዊት ለሚማር ጓደኛዬ ስነግረው፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚያውቅ ልጅ ነበርና፣ "ሐኪሙ ዓይንን በማንኪያ አውጥቶ፣ በጨው ውኃ አጥቦ ይመልሰዋል" አለኝ። ማንኪያው ብዙም አላስፈራኝም። ያስፈራኝ መታጠቡ ነው። አጎቴ ብራና ጸሐፊ ስለ ነበር፣ የታጠበ ብራና ላይ የነበረው ጽሕፈት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ዓይን ያየውን የሚይዝ ነገር ከሆነ፣ ሲታጠብ ያየው ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው። አባቴ ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ እኔን የማን ልጅ ነህ እንዳይሉኝ ሠጋሁ።

የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ከደንቢያ የመጣ ጤፍ ይዞ ነበር። ጋቢናው ውስጥ አራት ነበርን፦ ሾፌሩ አያ ደምሌ፣ አባቴ፣ እኔ፣ በበሩ በኩል ደግሞ የጤፉ ባለቤት እቴ ብርቄ። እቴ ብርቄ ሰፊ ሴት ስለ ነበረች እኔ የተቀመጥሁት ከወንበሩ ይልቅ በእሷና በአባቴ መካከል ባለው አየር ላይ ነው ማለት ይቀላል። ከላይ ጆንያው ላይም ጥቂት መንገደኞች ነበሩ።

ከከተማው ገና እንደ ወጣን፣ ከመንገዱ ዳር በዛፍ የተከበበች ቤተ ክርስቲያን ታየች። አባቴ እጃቸውን አነሡ።

"ደምሌ፣ አቁም እስቲ።"

"ምነው መምሬ፣ አመመዎ?"

"ታቦት ፊት ተቀምጬ አላልፍም። በበቅሎም ስሄድ ወርጄ ነው የማልፈው።"

"ማኪና እኮ በቅሎ አይደለችም መምሬ! ይችን አንዴ ካቆሟት አልነሣም ትላለች።"

"በቅሎም ትላለች" አሉ አባቴ፣ እግራቸውን ወደ በሩ እየዘረጉ።

አያ ደምሌ ከጣሊያኖች የተማረ ሾፌር መሆኑን የሚናገር፣ ባርኔጣውንም እንደ እነሱ ወደ ጎን የሚያጋድል ሰው ነበር። ነገር ግን የሊማሊሞን ገደል የሚወርድ ሰው ቄስ አያስቀይምም። አቆመ። አባቴ ወረዱ፣ ተሳለሙ፣ ተመለሱ። ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። በእኛ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ኮረብታ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ኮሶዬ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመንገዱ በአንድ ወገን ነበረች፤ በሌላው ወገን መሬቱ አልቋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከፍታ ማለት ለእኔ ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚታይ ነገር ነበር፤ ግንብ፣ ዛፍ፣ የደብራችን ጉልላት። ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚታይ ከፍታ መኖሩን አላውቅም ነበር። ከእግራችን ሥር ገደሉ ይጀምራል፤ ከገደሉ ሥር እርሻ፣ ከእርሻው ሥር ሌላ ገደል፣ ከዚያም ሥር ቢጫና ሰማያዊ የሆነ፣ መጨረሻው ከሰማይ የማይለይ ቆላ። ጥንብ አንሳ ከእኛ በታች ክንፉን ዘርግቶ ይዞር ነበር። የሚበር ወፍ ጀርባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ብርሃኑ ላባው ላይ ይንሸራተት ነበር።

አባቴ ፈጥነው ተሳለሙና ዞሩ። ጀርባቸውን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሰጥተው ወደ ገደሉ ቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ባደርገው ኩርኩም ነበር የሚጠብቀኝ። ራሳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ያዞራሉ፤ ጥቂት ዝቅ ያደርጉና እንደገና ከግራ ይጀምራሉ። ዓይናቸው በአንድ ጊዜ ብዙ ስለማይዝላቸው አገሩን እንደ መጽሐፍ በመስመር በመስመር ያነቡት ነበር።

"አባ፣ ጀርባዎን ሰጡት እኮ" አልኋቸው።

"ለማን?"

"ለቤተ ክርስቲያኑ።"

ንባባቸውን እስኪጨርሱ ቆየሁና የከነከነኝን ተናገርሁ።

"አሁን ምን ያደርግልዎታል? ከታጠበ በኋላ ቢያዩት አይሻልም?"

"ምኑ ከታጠበ በኋላ?"

የማንኪያውንና የጨው ውኃውን ነገር ነገርኋቸው። አባቴ ሳቃቸውን አፍነው የሚስቁ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቀን ግን ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

"እንግዲያው አንተ ደህና አድርገህ እይልኝ። ከእኔ ከታጠበ የምትነግረኝ አንተ ነህ።"

ይህን ቃል በትክክል እንዲህ ብለውት እንደሆነ አልምልም። ያሸከሙኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ በየማቆሚያው ከአባቴ ጎን ቆሜ፣ እንደ እሳቸው ራሴን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞርሁ አነበብሁ። ቢጫ የለበሱ ማሳዎችን፣ ገብስ መካከል እንደ ሰው የቆሙ ድንጋዮችን፣ ደመና ሲያልፍባቸው ቀለማቸውን የሚቀይሩ ተራሮችን አየሁ። በስንተኛው ማቆሚያ እንደ ገባኝ አላውቅም፤ ብቻ ገባኝ። አባቴ የሚያቆሙት ለመሳለም ብቻ አልነበረም። አንድ ቄስ የሰው መኪና አስቁሞ፣ "ተራራ ልይበት" ሊል አይችልም። ነውር ነው። "ልሳለም" ካለ ግን ማን ይከለክለዋል?

እቴ ብርቄ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

"መምሬ፣ በዚህ አያያዝዎ አስመራ ስንደርስ ፋሲካ ነው! ጤፌም ጆንያው ውስጥ ይበቅላል።"

"ቢበቅል ምን ከፋሽ ብርቄ? እጥፍ ትሸጭዋለሽ።"

"ኧረ ይተውኝ! ሸጋ ቄስ ተሳፈረልን ብዬ ነበር ጧት ደስ ያለኝ።"

ደባርቅ ደርሰን ድንች በላን። እንደገና ስንሳፈር አያ ደምሌ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወደ አባቴ ሳይዞር ተናገረ።

"እንግዲህ መምሬ፣ እስካሁን አክብሬዎታለሁ። ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው። ጉሙ ሳይቀድመን ዛሪማ መውረድ አለብን። ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑም አልቋል፤ ከወልቅፊት በታች ያለው ገደል ብቻ ነው።"

"አዎ" አሉ አባቴ። "አልቋል።"

ያን ጊዜ ነው እጃቸው ጉልበቴ ላይ ያረፈው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ተማጽኖ የለባቸውም፤ ቅሬታም የለባቸውም። ዓይናቸውን አጥብበው በፊት ለፊቱ መስተዋት በሚያልፈው ላይ ተክለውታል። መኪናው ግን ይፈጥናል፤ እሳቸው ደግሞ ዝግ ብለው ነው የሚያነቡት። አንድ መስመር ሳይጨርሱ ገጹ ይገለበጥባቸዋል።

ወልቅፊት ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፋፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጎፈራቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሣር ይነጫሉ። ቡናማ ካባ የለበሱ መነኮሳት መሰሉኝና እጄን በአፌ ጭኜ እጅ ነሣኋቸው። አንዱ ጥርሱን ሲያሳየኝ ነው ስሕተቴን ያወቅሁት። ከዚያም ቁልቁለቱ ጀመረ። መንገዱ ከድንጋይ ተጠርቦ በገደሉ ደረት ላይ ተለጥፏል፤ ይታጠፋል፣ ተመልሶ በራሱ ሥር ያልፋል። የፍሬኑ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ጉሙ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ትዝታዬ ሁለት የሚሆንብኝ። በአንደኛው ትዝታ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጠመዝማዛ ላይ ጉሙ ተከፈተ፣ አንድ ቀጭን አምባ ታየኝ፣ አናቱ ላይ ዛፍ የመሰለ ጥቁር ነገር ነበር፣ እኔም ጮህሁ። በሁለተኛው፣ መጀመሪያ እኔ ጮህሁ፤ ጉሙ ከዚያ በኋላ ተከፈተ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን በስሕተትና በውሸት መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ያልቀረው ክርክር ነው። ሁለቱም ውስጥ የማይለወጠው የጮህሁት ቃል ብቻ ነው።

"አባ! ቤተ ክርስቲያን! ያውና ቤተ ክርስቲያን!"

አያ ደምሌ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው አቃሰተ፣ ተንሸራተተ፣ ቆመ። የፈለገውን ቢራገም ባልፈረድሁበት፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ወረደና ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠ። ከላይ ያሉት መንገደኞችም ወረዱ። በእኛ አገር ከፍታ ላይ የተከማቸ ዛፍ ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ይሰግዳል እንጂ። ሁሉም እኔ ወደ ጠቆምሁበት ወደዚያ ጥቁር ነገር ሰገዱ። እቴ ብርቄ ከሁሉ ኋላ ወርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እልል አለች።

ገደሉ እልልታዋን መለሰላት። አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴም ከጉሙ ውስጥ ከማይታይ ቦታ።

"ሰምተውናል!" አለች እቴ ብርቄ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "እናንተ፣ መለሱልን እኮ!"

የፈጠርሁት ደብር ውስጥ ሰዎች ነበሩ፤ እልልም ብለዋል።

ጉሙም ሙሉ በሙሉ ተገፈፈ። ከዚያ በፊት ያየሁት ሁሉ ለዚህ መለማመጃ ነበር ማለት እችላለሁ። አምባዎቹ ግዙፍ ባለቤታቸው ረስቷቸው የሄደ ጎተራዎች መስለው፣ አንዱ ካንዱ ጀርባ፣ እስከ ዓለም ዳር ቆመዋል። ከአንዱ ጎን ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡ ግን ከእኛ በታች ነው፤ ደመናው ራሱ ከእግራችን በታች ነው። ከዝናቡ ማዶ ፀሐይ አንድ ሸለቆ ብቻ መርጣ አብርታለች። አያ ደምሌ እንኳ፣ በዚያ መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደ ያዘ ቀረ። እግዚአብሔር አሁን እየሠራው ሳለ ሳናንኳኳ የገባንበት መሰለኝ።

አባቴ ሰግደው ሲነሡ ጀመሩ፤ ከግራ ወደ ቀኝ። አንድም መስመር ሳይዘልሉ አነበቡት። ማንም አላስቸኮላቸውም። መጨረሻ ላይ እኔ የጠቆምሁት አምባ ላይ ደረሱና እዚያ ቆዩ፤ ብዙ ቆዩ።

"የማን ታቦት ነው መምሬ?" ሲል አያ ደምሌ በቀስታ ጠየቀ።

እኔ ወደ እቴ ብርቄ ነጠላ ተጠጋሁ።

"ከዚህ ሆኜ ስሙን ላውቅ አልችልም ደምሌ" አሉ አባቴ። "ስግደትህ ግን መንገዱን አይስትም።"

የቀረውን ቁልቁለት የወረድሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። በውሸቴ ምክንያት መኪናው በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ይገለበጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተገለበጠም። አዲ አርቃይ ገብተን ያደርንበት ቤት ውስጥ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አባቴ ጫማቸውን ሲያወልቁ አልቻልሁም።

"አባ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አላየሁም።"

"ምን አየህ?"

"ጉም። ከዚያ ዛፍ የመሰለ ጥቁር ነገር።"

"አየህ ወይስ መሰለህ?"

"መሰለኝ።"

"ለምን ተናገርህ ታዲያ?"

"እርስዎ እንዲያዩ።"

ጫማቸውን አውልቀው አስቀመጡ። ከዚያ፣ "ሃያ ስገድ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያለ ነው። ጀመርሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ከአጠገቤ የሌላ ሰው ጉልበት መሬት ሲነካ ሰማሁ።

"እርስዎ ደግሞ ለምን?"

"አንተ ስለ አንድ ደብር ነው የምትሰግደው" አሉ፣ ግንባራቸው መሬት ላይ እንዳለ። "እኔ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያሉት አሉብኝ።"

ስለ አስመራ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ሐኪሙ ረጅም ሰው ነበር፤ በትንሽ መብራት ዓይናቸውን ሲያይ ቆየና በአስተርጓሚ ብዙ ተናገረ። አባቴ ውጭ ስንወጣ አሳጥረው ነገሩኝ። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ ይህ ግን ከውስጥ የሚዘጋ በር ነው፤ የሚታጠብ ነገር የለም።

"አይታጠብም?" አልሁ።

"አይታጠብም።"

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን እውነት ነው። ያዩት ሁሉ ሳይጠፋ ቀረ ብዬ በሐኪሙ ደጅ ላይ ዘለልሁ። አባቴም ፊቴን አይተው፣ ምክንያቱ የገባቸው ይመስለኛል፣ "አዎ፣ ደግ ነው" አሉኝ።

በሚቀጥለው ጽጌ አባቴ መቀደስ አቆሙ። አንድ ከሰዓት በኋላ በደብሩ ቅጥር ግቢ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እኔም ዳዊቴን ሳነብላቸው፣ በመካከል አቋረጡኝ።

"የዚያ ደብር የሣር ክዳን በአንድ ወገን ሳስቶ ነበር። የሚያልፍ ሰው አግኝቼ እንዲነግራቸው ሳልልክ ቀረሁ።"

"የቱ ደብር አባ?"

"አንተ ጮኸህ ያወረድኸን።"

መጽሐፉን አጠፍሁት። "አልነበረም እኮ! ሃያ አሰግደውኛል!"

"ያሰገድሁህ ስላልነበረ አይደለም" አሉ። "አንተ ሳታየው ስለ ተናገርህ ነው።"

ይህን ነገር በሥራዬ ሚዛን ስመዝነው ኖሬያለሁ። የአባቴ ዓይን ጠባብ ይሁን እንጂ መካከሉ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔ በፍርሃት ያላየሁትን እሳቸው በእርጋታ ሊያዩት ይችላሉ። ልጃቸውን ሊያጽናኑ ብለው ይሆን እንዳልል፣ አባቴ ለማጽናናት የሚዋሹ ሰው አልነበሩም። እኔም ራሴ በሌላ ዘመን የሰማሁትን ከዚያ ቀን ጋር አደባልቄው ይሆናል። ሁሉንም ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ ያ ሽታ በመስኮት ከገባ በኋላ፣ ሚኒባሱ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወደ ገደሉ ዞረው አማተቡ። ከኋላ አንዲት ሴት አጭር እልልታ አሰማች፤ ገደሉም መለሰላት። ውጭው ነጭ ጉም ብቻ ነበር።

"ምንድን ነው ልጄ?" ስል አጠገቤ ያለችውን ወጣት ጠየቅኋት።

"እዚህ ጋ ይሰገዳል አባባ።"

"ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው?"

"እኔ እንኳ አይቼው አላውቅም" አለች፣ በቅን ልብ። "እናቴም ስትሰግድ ነው ያየሁት። ጉሙ ይሸፍነዋል መሰለኝ።"

ከእኛ በፊት ይሰገድ እንደ ነበር ወይስ በእኛ እንደ ተጀመረ የሚያስረዳ ምንም ማስረጃ የለኝም። ሾፌሩን እንዲያቆም ለመንሁት።

"አባባ፣ ተቀምጠውም ይቻላል እኮ" አለ። "ሁሉም ተቀምጦ ነው የሚሳለመው።"

"እኔ ተቀምጬ አላልፍም" አልሁት።

ወጣቷ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ። ሰገድሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉልበቴ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ከዚያ ቀና ብዬ ጉሙን ከግራ ወደ ቀኝ አነበብሁት። ጥቂት ዝቅ አድርጌም እንደገና ከግራ ጀመርሁ። ሾፌሩ አላስቸኮለኝም።

"አዩት አባባ?" አለችኝ፣ ወደ መኪናው ስንመለስ።

"እኔ አላየሁትም" አልኋት። "አባቴ ግን አይተውታል።"